ስም አልባው ማሊያ

ባለፈው ወር ለጋዜጣ ዘገባ ሥራ ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂም ገብቼ ነበር። የካውንቲው ሰዎች ስለ አዲስ የአውቶቡስ መስመር ነዋሪውን የሚያነጋግሩበት ስብሰባ ነው። ከኋላ ተቀምጬ መቅረጫዬን እንዳበራሁ ከመልበሻ ክፍሉ በር በኩል ሽታ መጣ፤ የጡንቻ ቅባት፣ የረጠበ ካልሲ፣ ጭቃ የያዘ ሣር። የመጀመሪያው ተናጋሪ ያለውን አልሰማሁም፤ በኋላ ከቀረጻው ላይ ነው የጻፍኩት። እንዲህ ያለ ነገር በሥራዬ ብዙ አይገጥመኝም።

ሽታው የወንድሜ የዮናስ ነው። በይበልጥ ደግሞ የአንድ መጸው ሽታ ነው፤ እኔ አራተኛ ክፍል የገባሁበት፣ እሱ የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱን የጀመረበት፣ ቡድኑ አዲስ ዋና አሰልጣኝ ያገኘበት። ያን ወቅት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ጨዋታው አይደለም። ቅናቱ ነው።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ፖስታ ሳጥናችን ላይ ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ስም ተለጥፏል። አባዬ ታደሰ ገብረሚካኤል ነው። እማዬ አልማዝ በየነ። ዮናስ የተወለደው አዲስ አበባ ስለሆነ እንደ አገሩ ደንብ የአባቱን ስም አስከትሎ፣ ዮናስ ታደሰ ተብሎ መጣ። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የመዘገበችን ሴት የቤተሰብ ስማችሁ ማነው ስትል አባዬ መታወቂያው ላይ መጨረሻ የተጻፈውን ነገራት። እኔም ሰብለ ገብረሚካኤል ሆንኩ።

ገብረሚካኤል አያቴ ናቸው። እኔ ሳልወለድ አርፈዋል። የማውቀው አንድ ፎቶግራፋቸውን ነው፤ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ካሜራውን በጥርጣሬ ያዩታል።

ነገሩ ያስጨነቀኝ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አማርኛ ስንማር ነው። መምህርታችን ስምና የአባት ስም ጻፉ አለችን። ሰብለ ገብረሚካኤል ብዬ ጻፍኩ። አባትሽ ገብረሚካኤል ነው የሚባለው ብላ ጠየቀችኝ። ታደሰ ነው አልኳት። እንግዲያው ሰብለ ታደሰ ነሽ አለችና አያቴን በላጲስ አጠፋቻቸው። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ ተመልሰው መጡ።

ነገሩን በራሴ መንገድ ፈታሁት። በአማርኛ የታደሰ ልጅ ነኝ፣ በእንግሊዝኛ የገብረሚካኤል። ዮናስ በሁለቱም የታደሰ ልጅ ነው። አባዬ የመጀመሪያውን ልጅ ለራሱ አስቀርቶ ሁለተኛዋን ለአባቱ መርቆላቸዋል ማለት ነው፤ እሳቸው ደግሞ በሕይወት የሉም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የተረጋገጠ ነገር መስሎኝ ስለነበር የሚያጠያይቅ አልሆነብኝም።

ዮናስ የሚጫወትበት ኮሌጅ ትንሽ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከቤታችን በመኪና ብዙም አይርቅም። ጨዋታው ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ የራስ ቁር የሚደፉበት የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው። አባዬ መጀመሪያ ላይ እግር የማይነካውን ምን ነክቷቸው እግር ኳስ አሉት እያለ ያፌዝ ነበር። ልጁ ከገባበት በኋላ ግን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ፈረቃ እየተቀያየረ ቅዳሜውን በሙሉ ለሜዳ ሰጠ። የሚሠራው መሀል ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቅዳሜን የሚለውጥልህ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ቅዳሜ ከዚያ በፊት የኔ ነበር። ጠዋት ዋና ይወስደኛል፣ ከዚያ ቤተ መጻሕፍት፤ ጸጉሬ ሳይደርቅ መጽሐፍ እየመረጥኩ እሱ ወንበር ላይ ያንቀላፋል። እማዬ ቅዳሜ በአቅራቢያችን ባለችው ከተማ በአሌክሳንድሪያ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ስለዚህ ወደ ሜዳ የምሄደው ተጋብዤ አልነበረም፤ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ነው።

የዮናስ ሥራ ኳስ ይዞ የሚመጣውን ሰው መጣል ነው። በጣለ ቁጥር በድምፅ ማጉያው የማሊያው ጀርባ ላይ ያለው ስም ይጠራል። «ታ-ዴ-ሲ!» ይላል ሰውዬው እየጎተተ። ያኔ አባዬ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ «አቤት!» ይላል።

መጀመሪያ ላይ ለቀልድ ያደረገው ይመስለኛል። በአጠገቡ የሚቀመጡት ጓደኛው ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳሉ፣ ልጅ የላቸውም፣ አንድም ጨዋታ አያመልጣቸውም። እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደገመው። እያደር ፊት ለፊታችን የሚቀመጡት አሜሪካኖች ስሙ ሲጠራ ዞር ብለው አባዬን መጠበቅ ጀመሩ። አንዲት ቀይ ኮፍያ የምታደርግ ሴትዮ ከነጭራሹ አብራው ትል ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም።

እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ፈንዲሻ እበላለሁ። አንድ ስታዲየም ሙሉ ሰው ወንድሜን በአባቴ ስም ይጠራዋል፣ አባቴም ይመልሳል። እኔን በዚያ ስም የጠራኝ አንዲት የእሑድ መምህርት ናት፤ እሷም በእርሳስ።

አዲሱ አሰልጣኝ የመጣው በዚያ ክረምት ነው። የቀድሞው ጡረታ ወጥቷል። ነሐሴ ላይ የተጫዋቾቹ ቤተሰቦች ተጠርተን ሜዳው ዳር ባሉት የብረት መቀመጫዎች ላይ ተቀመጥን፤ ብረቱ ጭኔን ያቃጥለኝ ነበር። አሰልጣኙ አጠር ያለ፣ ጸጉሩን በአጭሩ የተከረከመ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አሰልጣኝ የሚጮህ ሰው ይመስለኝ ስለነበር የተሳሳተ ሰው መጥቷል ብዬ አሰብኩ። በዚህ ዓመት የማንም ሰው ጀርባ ላይ ስም አይኖርም አለ። ቁጥር ብቻ። በድምፅ ማጉያውም የሚጠራው ቁጥር ነው። አንዱ ለሌላው መጫወት ሲማሩ ስማቸው ይመለስላቸዋል።

ወላጆቹ ተያዩ። አባዬ እጁን አወጣ።

አሰልጣኙ ሚስተር ታደሰ አለው። ያኔ አባዬን በዚያ ስም የሚጠራ አሜሪካዊ አልነበረም፤ ሥራ ቦታም ሐኪም ቤትም ሚስተር ገብረሚካኤል ነው፣ ያውም መሀሉን እየዋጡት። ሰውዬው የልጁን የመጨረሻ ስም አይቶ በስህተት ያለው ትክክል ሆነ። አባዬ ለአፍታ ደስ ሲለው አየሁት። ከዚያ ትዝ አለውና ቆጣ አለ።

«ያ ስም የልጄ አይደለም» አለ። «የኔ ነው። የወሰድከው የኔን ነው፤ እኔን ሳትጠይቅ።»

ሰው ሳቀ። አሰልጣኙ አልሳቀም። ስብሰባው ሲያልቅ እኛ ወዳለንበት ወጥቶ አስረዳኝ አለው። አባዬ መዳፉን ዘርግቶ በጣቱ እያመለከተ አስረዳው፤ ይኼ እኔ፣ ይኼ አባቴ፣ ይኼ ልጄ፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ይዞ ይሄዳል። አሰልጣኙ እኔን አየና እሷስ ብሎ ጠየቀ። አባዬ የሆስፒታሉን ነገር ነገረው። አሰልጣኙ ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ «አንቺ ሽማግሌውን ነዋ የተሸከምሽው» አለኝ።

ጥሩ ነገር የተናገረ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ቤት እስክንደርስ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ጀርባዬ ላይ ታዝለው ታዩኝ።

ወቅቱ የተጀመረው በሽንፈት ነው። ዮናስ በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ከሱ የሚበልጥ ልጅ ይዞ ጣለ። ሰውዬው በድምፅ ማጉያው ቁጥሩን ብቻ፣ «አርባ አራት» አለ። አባዬ ብድግ ሊል ሲል ተመልሶ ተቀመጠ። ባለ ቀይ ኮፍያዋ ሴትዮ ዞር አለች፣ ምንም የለም፣ ተመለሰች።

«ታዴ» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ፣ «ዛሬ የሚጠራህ የለም፤ አርፈህ ፈንዲሻህን ብላ።»

አባዬ ከኔ ከረጢት ዘግኖ በላ። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ፈንዲሻ የለም። ሜዳው ላይ ያሉት ሁሉ ስም የላቸውም፤ እኔ ከማንም አላንስም። አሰልጣኙ ስሞቹን የወሰዳቸው አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ የምንጫወትበትን ነገር ቀምታ መሳቢያዋ ውስጥ እንደምትቆልፈው ይመስለኝ ነበር። ከየማሊያው የተላጡት ፊደሎች ቢሮው ውስጥ ተከምረው ይታዩኛል። መሳቢያው ባይከፈት ግድ የለኝም ነበር።

ዮናስ ልብሱን ለማጠብ ቅዳሜ ማታ መጥቶ እሑድን ቤት ይውላል። ሲመጣ የኔን አልጋ ይወስዳል፣ እኔ ሶፋ ላይ። ሰኞ ትራሴ ያን ቅባት ቅባት ይሸታል። ቅባቱ የአባዬ ሥራ ነበር፤ ልጁ ሶፋው ላይ ሸሚዙን አውልቆ ይተኛል፣ አባዬ እጁን አሙቆ ትከሻውን ያሻል፣ ስለ ጨዋታው ያወራሉ። እኔ ምንጣፉ ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ እሰማለሁ።

በዚያ መጸው ይኼም ተለወጠ። ዮናስ ኮች እንዲህ አለ፣ ኮች እንዲያ አለ ማለት አበዛ። ቁርስ የሚበላውን ኮች ነግሮታል። የሚተኛበትን ሰዓት ኮች ነግሮታል። አንድ እሑድ አባዬ ቅባቱን ከፍቶ ሲመጣ ዮናስ አንገቱን ሳያነሳ ተወው አባዬ፣ ኮች በረዶ ነው የሚሻለው ብሎናል አለው።

አባዬ የያዘውን እያየ ቆመ። «አንተ እኮ አባት ያለህ ልጅ ነህ» አለ።

«ምን አልኩ አሁን?» አለ ዮናስ።

እማዬ ከወጥ ቤት ሁለቱንም ዝም በሉ ብላ ተቆጣች። በቤታችን የምቀናው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያን ቀን ገባኝ፤ አባዬ በአሰልጣኙ እንደሚቀና በግልጽ ይታይ ነበር። የተከፈተው ቅባት እጁ ላይ ስለነበር ተነስቼ ሄድኩና ትከሻዬን ያመኛል፣ ከዋናው ይሆናል አልኩት። ዋና ከሄድኩ ወራት አልፎኛል። አባዬ ግን አላሰበውም፤ አስቀመጠኝና ማሸት ጀመረ። እጁ ይሞቃል፣ ቅባቱ መጀመሪያ ይቀዘቅዝና ከዚያ ያቃጥላል። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ዮናስ ላይ ነበር።

ጥቅምት አካባቢ ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ። አንድ የአካባቢ ጋዜጣ ስለ አዲሱ አሰልጣኝ ጽፎ የዮናስን ፎቶ አወጣ፤ ከሥሩ ስሙ ነበር። አባዬ ጋዜጣውን ሥራ ቦታ ወስዶ አሳየ። እኔም አንዱን ቆርጬ ትምህርት ቤት ወሰድኩ፣ ወንድሜ ነው አልኩ። ኬይላ የምትባል ልጅ አነበበችና ታዲያ ስሙ ለምን ሌላ ሆነ አለች። ክፍሉ ሁሉ እኔን አየ። አስተማሪያችን ልታድነኝ ብላ፣ በሚያሳዝን ለስላሳ ድምፅ፣ ግማሽ ወንድሟ ይሆናል አለች።

እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኝ ማለቷ እንደሆነ የገባኝ አድጌ ነው። በዚያ እሑድ ዮናስ ሶፋው ላይ ተዘርሮ ሲተኛ ቆሜ አየሁት። የኔ የሆነው ግማሹ የቱ እንደሆነ ልለይ ሞከርኩ። ከወገቡ በታች መሰለኝ፤ ከላይ ያለውን አባዬ ይዞታል።

ማታውን ወደ ኮሌጁ ስንመልሰው አባዬና እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወንበር ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ምን ሆነሻል ሚጢ አለኝ። ሚጢ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ምንም አልኩ። በእንግሊዝኛ ነበር የምመልስለት፤ እሱ በአማርኛ ይጠይቃል። ቤልትዌይ የሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ ስንወጣ ግን ፈነዳሁ። እህቱ ነኝ ስል ማንም አያምነኝም አልኩት። አንተ የአባዬን ስም ይዘሃል፣ ለኔ የማላውቃቸውን ሰውዬ ሰጡኝ፣ እንዲያውም ማሊያህ ላይ ባይመለስልህ ይሻላል።

አባዬ በመስታወቱ አየኝ። ዮናስ ትልቅ እጁን አናቴ ላይ ጭኖ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። እጁን ከላዬ አነሳሁት።

ኅዳር ሲገባ አሰልጣኙ ስሞቹን እንደሚመልስ ተናገረ። የሚመለሱት በሜዳቸው በሚያደርጉት የመጨረሻ ጨዋታ ነው፣ ያውም ለሚመረቁት ብቻ። አንድ ነገር ጨመረ፤ እያንዳንዱ በዚያ ቀን የማንን ስም ተሸክሞ መጫወት እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ። አንዱ የእናቱን፣ አንዱ ያሳደጉትን አያቱን ስም እንደመረጠ ዮናስ ነገረን። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አባዬ ወዲያው ገባው። ያ መዳፌ ላይ ያሳየሁት ነው፣ አለ ለእማዬ፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም ማለት ነው።

ዮናስ የራሱን ምርጫ አልነገረንም። አባዬም አልጠየቀም፤ የሚጠየቅ አልመሰለውም። ሥራ ቦታ ለሁሉም ተናገረ። እማዬ ፈቃድ ወሰደች። ጋሽ ሙሉጌታ ታክሲያቸውን አቁመው ከአሌክሳንድሪያ በጠዋት መጡ። አባዬ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ፣ ከላይ ካፖርት ደርቦ፣ መኪና ውስጥ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ነበር።

«ድምፅህን ቆጥብ» አሉት ጋሽ ሙሉጌታ፣ «ዓመት ሙሉ ያልተጠራህን ዛሬ ነው የምትጠራው።»

እኔ በመስኮት ዛፎቹን አያለሁ። ቅጠላቸው አልቋል። ሁሉም ወደ ድሮው ሊመለስ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስታዲየሙ ይጠራዋል፣ አባዬ አቤት ይላል፣ እኔ ፈንዲሻ እይዛለሁ።

ብርዱ ከባድ ነበር። ተመራቂዎቹ ከመልበሻ ክፍሉ ወደ ሜዳ ከሚያወጣው ዋሻ አንድ በአንድ እየሮጡ ወጡ። አባዬ ከሩቅ የሚፈልገው አጭሯን ስም ነው፤ እንደ ድሮው ትከሻ መሀል ላይ የምትቀመጠውን። አርባ አራት ቁጥር ወጥቶ ጀርባውን ሰጠን። ፊደሎቹ ከአንዱ ብብት ተነስተው በትከሻው ላይ እንደ ድልድይ ዞረው ሌላው ብብት ውስጥ ይገባሉ። ቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ያን ርዝመት በየደብተሬ ሽፋን ላይ ስጽፈው ኖሬአለሁ።

ገብረሚካኤል ይላል።

የተሰማኝን ልክ እንደነበረ ልጻፈው። ደስታ አልነበረም። ስሜን ወሰደው ብዬ ነው ያሰብኩት። ያን ስም አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ዮናስ የሌለው የኔ ነገር እሱ ብቻ ነበር። አሁን እሱንም ለበሰው፣ ያውም በእሱ ላይ አማረበት። አለቀስኩ። እማዬ የበረደኝ መስሏት አንገት ልብሷን ጠቀለለችብኝ፤ ከዚያ ያየሁትን አይታ ገባት። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ እህቱ ነኝ ስል ማንም አያምነኝም ብለሽው የለ እንዴ፣ ላንቺ ብሎ ነው አለችኝ። አላመንኳትም።

አባዬ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አባባ» አለ፣ ለማንም አይደለም።

ጨዋታው ተጀመረ። ውጤቱን በኋላ አጣርቻለሁ፤ ተሸንፈዋል። ያኔ ግን ማን እንደሚመራ አላውቅም ነበር። ዮናስ አንዱን ከወገቡ ይዞ መሬት ላይ አነጠፈው። በድምፅ ማጉያው ሰውዬው ትንፋሽ ሲወስድ ተሰማ። «ገብ-ሬ-ማይ-ክል!» አለ፣ እንደ ደረጃ እየወጣ።

ባለ ቀይ ኮፍያዋ ሴትዮ ዞር አለች። ጎኗ ያሉትም ዞሩ። አባዬን ይጠብቃሉ። አባዬ ንቅንቅ አላለም።

«ታዴ፣ ይኸው ተጠራህ እኮ» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«እኔ አይደለሁም» አለ አባዬ። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ የተጠራሽው።»

ራሴን ነቀነቅኩ። እምቢ አልኩ። አፍንጫዬን በእማዬ አንገት ልብስ ጠረግኩና መሬት መሬት አየሁ። ሰዎቹ ወደ ጨዋታው ተመለሱ።

ብዙም አልቆየ፤ ዮናስ ሌላውን ጣለ። ሰውዬው አሁን ደረጃውን ለምዶታል፤ ሳያቋርጥ ጠራው። ሰዎቹ እንደገና ዞሩ። አባዬ ከብብቴ ሥር ይዞ አነሳኝና የብረት መቀመጫው ላይ አቆመኝ። ብርዱ በጫማዬ በኩል ገባ። አንድ እጁን ጀርባዬ ላይ አደረገ።

«አቤት በይ» አለኝ። «ሰው ሲጠራሽ ዝም አይባልም።»

«አቤት» አልኩ፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማኝ ድምፅ።

«አልሰማሽም እኮ» አለኝ።

ሁለት እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። «አቤት!» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ግን ሄደ። ባለ ቀይ ኮፍያዋ ሴትዮ አጨበጨበች። ዮናስ ሜዳው መሀል ቆሞ የራስ ቁሩን ወደ ላይ ገፍቶ ወደ እኛ አየ፤ እጁንም አነሳ። ለማን እንዳነሳው ለማወቅ ወደ አባዬ ዞርኩ።

አባዬ ሜዳውን አያይም ነበር። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።